የሙሽራው እናት ገበያ

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ሽብሩ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የምትይዘውን ጎረቤቱን አስካለን ከገበያው መሀል አግኝቷታል፤ ሹፌር ልጇ ይድነቃቸው ትናንት ማታ በጅቡቲ መንገድ መኪናው ተገልብጦ መሞቱን እሱ ያውቃል፣ እሷ አታውቅም፤ የታዘዘውም ምንም ሳይነግራት እስከ ስድስት ሰዓት ቤቷ እንዲያደርሳት ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ቁልፉን ይዘሽ ወደ ቤት እንሂድ ነው ያልኩሽ፣ አስካለ። ሌላ ምንም አላልኩም።

አስካለ፦ እኔም ድንኳኑ ለማን ነው ነው ያልኩህ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ለማንም አይደለም።

አስካለ፦ ለማንም ካልሆነ ምን ያጣድፍሃል? የእድሩን ዕቃ ቤት ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ማን እንደሞተ ሳይነገረኝ አንዲት ጭልፋ አውጥቼ አላውቅም። ደንቡን ያስጸደቅኸው ደግሞ አንተው ነህ፤ ጠረጴዛ እየደበደብክ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ድንኳኑ ሻግቷል ሲሉኝ ነው። ፀሐይ ላስመታው ብዬ።

አስካለ፦ ፀሐይ! ከኮንዶሚኒየም ተነስተህ፣ ሦስት ታክሲ ቀይረህ፣ መርካቶን ስታስስ አርፍደህ እዚህ ድረስ የመጣኸው ድንኳን ፀሐይ ልታስመታ ነው? ኧረ ባክህ፣ ሌላ ሰው አሞኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ስብሰባም አለ። አቶ ጌጡ ሁሉም ሰው እስከ ስድስት ሰዓት ይገኝ ብለዋል።

አስካለ፦ አቶ ጌጡ ሊቀመንበር ስለሆኑ የሠርግ ገበያዬን ጥዬ ልሩጥላቸው? ሦስት ሳምንት እኮ ነው የቀረኝ! ይድኔ ይሙት፣ በርበሬዬን ሳልገዛ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ጋሽ ሽብሩ፦ በልጁ አትማዪ!

አስካለ፦ ውይ! ምን አስጮኸህ? ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ጋሽ ሽብሩ፦ አትማዪ ነው የምልሽ። ሌላ መማያ አጣሽ?

አስካለ፦ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሱ ስምል ኖሬ ዛሬ ነው የጎረበጠህ? አንድ ልጅ ነው ያለኝ፤ በማን ልማል ታዲያ፣ በአቶ ጌጡ? ደግሞ ዓይንህ ምን ሆኗል?

ጋሽ ሽብሩ፦ በርበሬው ነው።

አስካለ፦ ሰው እዚህ ሲመጣ አፍንጫውን ሸፈን አድርጎ ነው የሚመጣው። እንካ መሐረቤን። እንዲህ በእጅህ አትሸው፣ ይብስብሃል። አሁን ይሄን ዛላ እይልኝ። የደረቀ ነው ወይስ ውሃ ነክረው ነው ያመጡት?

ጋሽ ሽብሩ፦ ጥሩ ነው። ይሁን፣ ውሰጂው።

አስካለ፦ ዋጋውን እንኳን ሳትጠይቅ? አንተ? በሽንኩርት ዋጋ ግማሽ ቀን የምትከራከረው ሰውዬ?

ጋሽ ሽብሩ፦ አምጪው፣ እኔ እይዘዋለሁ።

አስካለ፦ አምስት ኪሎ በርበሬ ልትሸከምልኝ! ባለፈው የእድሩን የብርጭቆ ካርቶን ያዝልኝ ብልህ ወገቤን ብለህ አልነበር? ጋሽ ሽብሩ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል? አንተ ደግ ስትሆን እፈራለሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ወገቤ ተሽሎኛል። ታክሲው በዚያ በኩል ነው።

አስካለ፦ በዚህ በምን አለሽ ተራ በኩል እንለፍ። ከሰፈር ከወጣን ወዲህ መርካቶን ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዓይኔ ይጥገብ። እየው፣ ያው ነው። ብረቱም ያው፣ ጩኸቱም ያው። ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ጆሮህ የሚደነቁረው እንኳን ናፍቆኛል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ቶሎ ቶሎ ተራመጂ፣ እናቴ።

አስካለ፦ እናቴ? ጉድ ነው ዛሬ! እዚህ ጋ ቁም። እዚህ፣ ይሄ የተቃጠለ ሞተር የከመሩበት ቦታ። ይድኔ ስድስት ዓመቱ ሳለ ከዚህ ምን እንደገዛሁለት ታውቃለህ?

ጋሽ ሽብሩ፦ አላውቅም።

አስካለ፦ ታውቃለህ! ሰፈሩን ሲበጠብጥ አንተው ነህ የጮህክበት። የአሮጌ መኪና መሪ። ኳስ ልግዛልህ ብለው እምቢ አለ፣ መሪውን አቅፎ ቁጭ። ከዚያ ወዲያ በራችን ደፍ ላይ ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ ይነዳል። በአፉ ያገሳል፣ በአፉ ጡሩምባ ይነፋል። እማዬ፣ ነይ ግቢ፣ ድሬዳዋ ላድርስሽ ይለኛል። እኔም የማጥበውን ልብስ ጥዬ ከኋላው እቀመጥለታለሁ። እና ሹፌር ያደረግሁት እኔ አይደለሁም ትላለህ?

ጋሽ ሽብሩ፦ አንቺ አይደለሽም። ራሱ ነው የፈለገው።

አስካለ፦ ምነው ኮስተር አልክ? ለጨዋታ ነው ያልኩት። ከዚህ ሠርግ በኋላ የጅቡቲውን መስመር ይተዋል። ከተማ ውስጥ እሠራለሁ ብሎ ለእጮኛው ለወይንሸት ቃል ገብቶላታል። እኔ ስለምነው አልሰማኝም፣ የሷን ሰማ። ይስማ፣ እኔ ምን ከፋኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ይሄው ታክሲ። መገናኛ ይላል። ግቢ።

አስካለ፦ መገናኛ ምን ልሠራ? እኔ ሽሮ ሜዳ ነው የምሄደው። የሙሽራው እናት በዚህ በነተበ ነጠላ ትቁም? ያኛው ፒያሳ የሚለው ነው የኛ። ከፒያሳ ሌላ እንይዛለን።

ጋሽ ሽብሩ፦ አስካለ፣ በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ፣ ሽሮ ሜዳን ለሌላ ቀን አድርጊው።

አስካለ፦ በእግዚአብሔር የሚያስይዝ ምን አለው? ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ካለኔ አይከፈትም። ከፈለግክ ተከተለኝ፣ ካልፈለግክ በርበሬዬን አስቀምጥና ሂድ።

ጋሽ ሽብሩ፦ እሺ። እሺ፣ ግቢ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጪ።

አስካለ፦ ሂሳቡንም ልትከፍል ነው? ኧረ ዛሬ በል፣ በል!

ጋሽ ሽብሩ፦ ስልክሽን አንዴ ታውሺኛለሽ? የኔ ባትሪ የለውም። ለልጄ ልደውል።

አስካለ፦ እንካ። ይድኔ ቢደውል ግን ቶሎ ስጠኝ። ትናንት ከአዋሽ ደውሎልኝ ነበር። ራቱን ሊበላ ሲል። እማ፣ እሁድ ማታ እገባለሁ፣ ሽሮ ሥሪልኝ አለኝ። ሥጋ እያለ ሽሮ! ለምን እንደሚወደው እንጃ።

ጋሽ ሽብሩ፦ መስኮቱን ክፈቺው እስቲ። አየር አጠረኝ።

አስካለ፦ ደምህን ተለክተሃል? አንተም እኮ ራስህን አትጠብቅም። ወራጅ አለ! ፒያሳ ደርሰናል፣ ውረድ። ቀስ በል።

ጋሽ ሽብሩ፦ የሽሮ ሜዳው ታክሲ ከላይ ነው የሚቆመው።

አስካለ፦ በሰፈራችን በኩል ነው የምናልፈው። ዶሮ ማነቂያን ሳላይ አልሄድም።

ጋሽ ሽብሩ፦ ምኑን ታይዋለሽ? ፈርሷል እኮ።

አስካለ፦ መሬቱን። እይ፣ እዚህ ጋ ልኳንዳው ነበር። እዚህ ጋ ጠጅ ቤቱ። ከዚያ ወደ ታች ጭቃው። አሁንማ አስፋልት፣ አበባ፣ መብራት። ምንም አይባልም፣ ያምራል። ግን ቤቴ የት ጋ ነበር? አንተ ታውቀዋለህ፣ እኔ ጠፋኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ ጋ። የኔ ደግሞ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሰዎቹ ፎቶ የሚነሱበት።

አስካለ፦ ደፋችን እዚያ ጋ? እንዲህ ጠባብ ነበር?

ጋሽ ሽብሩ፦ ጠባብ ነበር። ግን እዚህ ሆኜ አንዴ ጡሩምባዬን ስነፋ ሦስት መቶ ቤት ይሰማኝ ነበር። ሦስቴ ነፍቼ ስም ስጠራ ሰው ጫማውን ሳያጠልቅ ይወጣል። ለቅሶ ቤት የሚሆነው ሰው መሀል ስለሆነ ማንም ብቻውን አያለቅስም ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስነፋ ፎቅ ላይ ያለው መስኮቱን ይዘጋል፤ ምድር ላይ ያለው ቆራሌው መጣ ብሎ ጠርሙስ ያወጣልኛል።

አስካለ፦ ሃሃ! ይሄን አልነገርከኝም።

ጋሽ ሽብሩ፦ አፍሬ ነው።

አስካለ፦ አንጀቴን በላኸው። ለኔ ቀን ግን በደንብ ነው የምትነፋው፣ ሰማኸኝ? ጠርሙስ ያወጣ ሰው ቢኖር ራሴ እነሳበታለሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ እንሂድ።

አስካለ፦ ይሄው የሽሮ ሜዳው ታክሲ፣ ግባ። ሁኔታህ ግን አላማረኝም። ሰው ታሟል እንዴ? እውነቱን ንገረኝ። እትዬ ዘርፌ ናቸው? ሐሙስ ዕለት ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

ጋሽ ሽብሩ፦ እትዬ ዘርፌ ደህና ናቸው። ጠዋት አይቻቸዋለሁ።

አስካለ፦ ጠዋት? እሳቸው ከቤት ሲወጡ አይታዩም። የት አየሃቸው?

ጋሽ ሽብሩ፦ ደረጃው ላይ።

አስካለ፦ የማን ደረጃ?

ጋሽ ሽብሩ፦ የሆነ ደረጃ ነዋ! ምን ትመረምሪኛለሽ? ይሄው ሽሮ ሜዳ። የምትገዢውን ግዢና እንሂድ፣ አምስት ሰዓት አልፏል።

አስካለ፦ አሁን ወደ ቁጣህ ተመለስክ፣ ደስ አለኝ። እየው! ከላይ እስከ ታች ተሰቅሎ! ይሄንን የሚሸምኑ እጆች ይባረኩ። ይሄኛው ቀይ ነው፣ በኔ ዕድሜ ቀይ ያስቃል። ያ አረንጓዴው ጥለትስ? ባለሱቋ፣ እሱን አውርጂልኝ። አዎ፣ ወርቃማ ጣል ጣል ያለበትን። ጋሽ ሽብሩ፣ ንካው፣ እንዴት ይለሰልሳል!

ጋሽ ሽብሩ፦ ይለሰልሳል።

አስካለ፦ ስልኬን ስጠኝ። ይድኔን ልጠይቀው፣ አረንጓዴውን ወይስ ሰማያዊውን? የሱ ክራቫት ሰማያዊ ነው መሰለኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ኔትወርክ የለም።

አስካለ፦ በሽሮ ሜዳ? ልጅቷ እየደወለች አይደል እንዴ፣ ይሄው ከፊትህ!

ጋሽ ሽብሩ፦ ባንቺኛው የለም ማለቴ ነው። አረንጓዴው ያምርብሻል። አረንጓዴውን ውሰጂ።

አስካለ፦ እንግዲያ መስታወቱን ያቺ ሴትዮ ይዛዋለች፣ አንተ አልብሰኝና ልይህ። አንተ ፊት ላይ ይታወቃል፣ ካላማረብኝ ትስቃለህ። እንዲህ ልዙር? ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው። እሺ። ቁመቱ ይበቃል? ጋሽ ሽብሩ... ጥለቱን የት ወሰድከው?

ጋሽ ሽብሩ፦ የት?

አስካለ፦ አንገቴ ላይ ነው። ወደ ላይ አዙረኸዋል። አዘቅዝቀህ ነው ያለበስከኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ውይ! ልማድ ነው፣ አስካለ። እጄ ነው። ሠላሳ ዓመት ለቅሶ ቤት ስውል ሌላ አለባበስ መች አውቃለሁ? አምጪው፣ ላስተካክለው።

አስካለ፦ አትንካኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ስህተት ነው አልኩሽ እኮ!

አስካለ፦ ስህተት ከሆነ ማልልኝ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ምን ብዬ?

አስካለ፦ ምንም የተደበቀ ነገር የለም፣ ይድኔ ይሙት በል።

ጋሽ ሽብሩ፦ ተዪኝ።

አስካለ፦ ቀላል እኮ ነው። እኔ በቀን አሥር ጊዜ እለዋለሁ። ይድኔ ይሙት በል።

ጋሽ ሽብሩ፦ አልልም።

አስካለ፦ በል!

ጋሽ ሽብሩ፦ አልችልም፣ አስካልዬ። አልችልም።

አስካለ፦ ይድኔ ነው።

ጋሽ ሽብሩ፦ ተቀመጪ። እዚህ በርጩማው ላይ ተቀመጪ። ባለሱቋ፣ ውሃ፣ እባክሽ ውሃ! አስካለ፣ እይኝ። የኔ እህት። አልቅሺ፣ ጩኺ፣ ምቺኝ። በሆድሽ አትያዢው።

አስካለ፦ መቼ ነው?

ጋሽ ሽብሩ፦ ትናንት ማታ፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ከአዋሽ ትንሽ አለፍ ብሎ። መኪናው ተገለበጠ።

አስካለ፦ ራቱን በልቶ ነበር?

ጋሽ ሽብሩ፦ በልቶ ነው የተነሳው አለ ረዳቱ።

አስካለ፦ ብቻውን ነበር?

ጋሽ ሽብሩ፦ አልነበረም። ረዳቱ ተርፏል። እጁን ይዞት ነበር።

አስካለ፦ ምን አለ? የኔን ስም ጠራ?

ጋሽ ሽብሩ፦ አላውቅም። ብዋሽሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አላውቅም።

አስካለ፦ ከጠዋት ጀምረህ ታውቃለህ። በርበሬ ስመርጥ ታውቃለህ። ምን አለሽ ተራ ቆሜ ስለዚያ መሪ ሳወራህ ታውቃለህ።

ጋሽ ሽብሩ፦ አውቃለሁ። በአሥራ አንድ ሰዓት ሽማግሌዎቹ በርሽ ላይ ነበሩ፣ እትዬ ዘርፌም እየተደገፉ ወጥተው። እንደ ወጉ ሳይነጋ ቤትሽ ሊነግሩሽ። አንኳኩ፣ የለሽም። ገበያ ቀድመሽ ወጥተሻል። ከዚያ እኔን ላኩኝ። ጡሩምባህን ተወው፣ አፍህን ያዝ፣ ብቻ አምጣት አሉኝ።

አስካለ፦ ታዲያ ለምን በግድ አልወሰድከኝም? ለምን እዚህ ድረስ አስኬድከኝ? ለምን አሳቅኸኝ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ስትስቂ አየሁሻ! ቤት ስንደርስ ምን እንደሚጠብቅሽ አውቃለሁ። ዕድሜሽን ሙሉ የምታለቅሺበት ጊዜ አለሽ። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት የሙሽራ እናት ሆነሽ ብትውዪ ማን ይጎዳል አልኩ። ለስንቱ ነፍቻለሁ፣ ለአባቴም ነፍቻለሁ። ይሄን ግን አፌ እምቢ አለኝ። አጥፍቼ ከሆነ ይቅር በይኝ።

አስካለ፦ የት ነው ያለው አሁን?

ጋሽ ሽብሩ፦ እያመጡት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ይገባሉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አስካለ፦ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቀው። ትልቁ ድንኳን ይውጣ። ምሰሶው ከታች ነው፣ ወንበሩ ከፊቱ ተደርድሯል፣ መጀመሪያ እሱን አንሱት። ሰፊው ድስት ጆሮው ላልቷል፣ እሱን አትስጡ፣ ሰው ያቃጥላል።

ጋሽ ሽብሩ፦ እሺ። እሺ፣ እናቴ። አሁን እንሂድ። ሰዎቹ እየጠበቁሽ ነው። እዚያ ስትደርሺ እንደልብሽ ታለቅሻለሽ፣ ሁላችንም አለን።

አስካለ፦ ወይንሸትስ?

ጋሽ ሽብሩ፦ ወይንሸት?

አስካለ፦ ሙሽሪት። ሾላ ገበያ፣ ቅቤ ተራ ነው የምትውለው። ማን ሄደላት?

ጋሽ ሽብሩ፦ እ... ማንም የሄደ አይመስለኝም።

አስካለ፦ ማንም?

ጋሽ ሽብሩ፦ አቶ ጌጡ የቤተ ዘመዱን ዝርዝር ይዘው ነበር የሚጠሩት። ያንቺን ወንድም፣ የአባቱን እህቶች፣ ሁሉን አዳረስን። እሷ ገና ስላልተጋቡ... ዝርዝሩ ውስጥ የለችማ። የማን ብለን እንጥራት? አልታሰበንም፣ አስካለ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ አልታሰበንም።

አስካለ፦ ስድስት ሰዓት ሲሆን ትደውልለታለች። በየቀኑ ነው የምትደውለው፣ ምሳህን በልተሃል ወይ ብላ። አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ጋሽ ሽብሩ፦ ሩብ ጉዳይ። አስካለ፣ አይሆንም። አንቺ ለቅሶሽ ላይ ነው መሆን ያለብሽ። እሷ ጋ ሌላ ሰው እንልካለን።

አስካለ፦ ማንን? ዝርዝሩን የያዘውን? ለኔ ለመንገር አሥር ሽማግሌ በር ላይ ቆሟል፣ አንተ ከተማውን ሙሉ ተከትለኸኛል። ለሷ ደግሞ ስልክ ያነሳ አንድ የማታውቀው ሰው ይንገራት? ቅቤ እየመዘነች?

ጋሽ ሽብሩ፦ ወግ አይደለም እኮ። እናት መርዶ አትነግርም።

አስካለ፦ ካለኔ ሌላ ማን አላት?

ጋሽ ሽብሩ፦ እዚያ ስትደርሺ ምን ትያታለሽ?

አስካለ፦ አላውቅም። ኮንትራት ታክሲ ጥራ። እስክንደርስም አንድ ጊዜ እንኳን አታልቅስብኝ፣ እኔም ይዤዋለሁ።

ጋሽ ሽብሩ፦ ነጠላውን ልመልስላቸው?

አስካለ፦ አትመልሰው። ጥለቱን ወደ ታች አዙረህ፣ እንደ ሙሽራ እናት አድርገህ አልብሰኝ፤ ልጅቷ አቅፌ እስክይዛት ድረስ ከሩቅ አይታኝ እንዳታውቅ።